የአያ ጫኔ ቀኖና

የአዳማ ሰው ታኅሣሥ ሲገባ ነጠላ ደርቦ «ኧረ ብርዱ!» ሲል ስሰማ አሁን አሁን ሳቄ ይመጣል። ቡሬን አላየማ። እኔም ብሆን እስከ ዘንድሮ ድረስ ከአባይ ማዶ ረግጬ አላውቅም ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መንገዴ ከቤቴ ሱቄ፣ ከሱቄ ቤተ ክርስቲያን፣ በወር አንዴ ደግሞ ማኅበር ነው። አገር ለማየት ብዬ የትም የምሄድ ሰው አይደለሁም። ይህንንም የምጽፈው ወደዚያ የመሄድ ሐሳብም ምክንያትም ለሌላቸው ለማኅበር እህቶቼ ነው፤ ከተመለስኩ ጀምሮ «እስቲ ንገሪን» እያሉ ሥራ አስፈትተውኛል።

ያስነሳችኝ ይታይሽ ናት። እኔና እሷ በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ተከራይተን ልጆቻችንን ያሳደግን፣ አንዳችን የጣድነውን ሌላችን ስናማስል ያረጀን ጎረቤታሞች ነን። ባሌ የሞተ ጊዜ ቤቷን ዘግታ እኔ ቤት የሰነበተች እሷ ናት። ዓምና አባቷ አያ ጫኔ ከድርቆሽ ክምር ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር፣ የሚያስታምማቸው ሌላ ልጅ አጠገባቸው ስላልነበረ፣ ጓዟን ጠቅልላ ቡሬ አጠገብ ወዳለው የትውልድ መንደሯ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የምንገናኘው በስልክ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ደወለችና «አስኩ፣ ጤፉ ደርሷል፤ ብቻዬን ማጨድ ጀምሬዋለሁ» አለችኝ።

«ጎረቤቱስ?»

«በሥራ ቀን ሁሉም የየራሱን ያጭዳል። ለአቅመ ደካማ የሚታጨደው በበዓል ነው። አባባ ደግሞ ‘እኔ ደካማ አይደለሁም፣ ሰው አላስገባም’ ብለዋል።» ሳቀች፤ ሳቁ ግን የሷ አልነበረም። «ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናብ ከቀደመኝ የዓመት ቀለባችን መሬት ላይ መቅረቱ ነው።»

ስልኩን ስዘጋ ወስኜ ነበር። ልጆቼ «እማዬ፣ አንቺ ማጭድ ይዘሽ ታውቂያለሽ?» እያሉ ሳቁብኝ። «መቀስ የያዘ እጅ ማጭድ አያቅተውም» አልኳቸው። እንዴት እንደሚያቅተው ወደፊት ታነባላችሁ።

ማክሰኞ

አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድሬ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ደጋግሜ ብጠይቀው ሾፌሩ «እናቴ፣ ዝግ ቢሆን እኔስ የት እሄድ ነበር?» አለኝ። እውነቱን ነው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ቡና፣ ለአያ ጫኔ የሰፋሁትን ሸሚዝና ለይታይሽ የሰፋሁትን ቀሚስ በማዳበሪያ አጭቄ ጣሪያ ላይ አስጭኛለሁ። ባዶ እጄን ሰው ቤት መግባት ሞቴ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር የአውቶቡሱ ወሬ ሁሉ ቀጥ አለ። ስለ ሸለቆው ውበት እንድጽፍላችሁ ትጠብቁ ይሆናል፤ እኔ ግን ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ እስክንወጣ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ እመቤቴን ስጠራ ስለነበር ያየሁት ነገር የለም። ሙቀቱን ብቻ አውቀዋለሁ፤ የአዳማን መሰለኝና ትንሽ አጽናናኝ።

ደጀን ላይ መንገደኛ ነኝ ብዬ ሰዓቱ ሳይደርስ የጾም በያይነቱ በላሁ። የኛ አገር በያይነቱ ላይ ሰላጣው ይበዛል፤ እዚህ ሽሮው ነው የሚበዛው፣ ቃሪያውም አይራራም። ከደብረ ማርቆስ አልፈን ደምበጫን ስንለቅ ጎማችን ፈነዳ። ተለዋጩም ጎማ ነፋስ አልነበረውም። ሾፌሩ ረዳቱን፣ ረዳቱ ጋራዡን እየረገሙ ሜዳ ላይ ተበተንን።

ይህን ጊዜ ነው አንዲት ሴት ከመንገዱ በላይ ካለው ቤቷ በሰፌድ የባቄላ ንፍሮ ይዛ የመጣችው። አንዳችንንም አታውቀንም። ተራ በተራ እየዞረች «እንኩ፣ በጾም አፋችሁ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ» ትላለች። ሁላችንም ዘገንን። እኔ ቦርሳዬን ስከፍት አየችና «ምን ልትሰጪኝ ነው፣ እቴ? መንገደኛ ይከፍላል እንዴ?» ብላ ሰፌዷን ወደ ሌላው አዞረች። ሰው ፊት ሌባ የተባልኩ ያህል አፈርኩ። አዳማ ላይ አውቶቡስ ሲበላሽ ውኃ የሚሸጥ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ይከብበናል፤ ንፍሮ የሚያድል ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ጎማው በመከራ ተጠግኖ ፍኖተ ሰላም የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና ስላልነበረ አንዲት መበለት የምታስተዳድራት ትንሽ አልጋ ቤት አደርኩ። ውኃ ጠፍቶ ነበርና ባለቤቲቱ ከራሷ እንስራ ቀድታ፣ አሙቃ ሰጠችኝ። «ከጎረቤት ቀድቼ እተካዋለሁ፣ አይጨነቁ» አለችኝ። አልጋው ላይ ጋደም ብዬ ለንፍሮዋ ሴትና ለዚህችኛዋ ምን ልላክ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። እንዲህ ነኝ፤ ሰው ደግ ሲሆንብኝ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ረቡዕ

ጠዋት ፍኖተ ሰላምን ትንሽ ዞር ዞር ብዬ አየኋት። መንገዶቿ በዛፍ የተጠለሉ ናቸው፤ ባጃጆቿ እንደኛዎቹ ሰማያዊ ሆነው እንደኛዎቹ አይጣደፉም። ሰው ሲተላለፍ ቆሞ ነው የሚጠያየቀው፤ የቤተሰቡን ሁሉ፣ የከብቱን ጭምር። አዳማ ቢሆን ሰላምታው ሳያልቅ ታክሲው ይሄድ ነበር።

ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ማዳበሪያዬን ከበርበሬ ጆንያ ሥር ጫኑብኝ። የቡሬን በርበሬ ስሙን ስሰማ ነበር፤ ያን ቀን በአፍንጫዬ አወቅሁት። ማንኩሳን አልፈን ቡሬ ስንደርስና ዕቃዬ ሲወርድ ስኳሩም፣ ሸሚዙም፣ ቀሚሱም በርበሬ በርበሬ ይላል። አስነጠስኩ። ረዳቱ «ይማርሽ» አለኝ። ደግሞ አስነጠስኩ። እስከ ሰኞ ድረስ ከዚህ ማስነጠስ አልተለያየሁም።

ቡሬ መንገዶች የሚገናኙባት፣ የእህል መኪናና የተማሪ ግርግር የማያጣት ከተማ ናት። ለማየት ጊዜ አልነበረኝም። ይታይሽ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር፤ አጠገቧ እስክደርስ አላወቅኳትም። ከስታለች። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል። ስንተቃቀፍ መዳፏ ጀርባዬን ቧጠጠኝ፤ ያዝ አድርጌ ሳየው ቆዳው ተሰነጣጥቋል። ሁለታችንም አለቀስን፤ መናኸሪያ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ብርቅ ስላልሆነ ማንም አላየንም።

ባጃጁ መንገዱ እስካለበት ወሰደን። ከዚያ ወዲያ እግር ነው። ሜዳው ቢጫ ነበር፤ ቆሞ የሚጠብቅ ጤፍ፣ የታጨደ ጤፍ፣ የተከመረ ጤፍ። ወንዝ ስንሻገር አንዱን ጫማዬን ውኃ ወሰደብኝ፤ አንድ ገበሬ ሮጦ ያዘልኝና «ጫማዎ ወደ አባይ ሊሄድ ነበር» አለኝ እየሳቀ።

አያ ጫኔ ደጃፍ ላይ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ረጅም ሰው ናቸው፤ በሁለት ምርኩዝ እንኳ ሲነሱ በሩን ይሞሉታል። ሲያዩኝ ለመነሳት ታገሉ፣ ተነሱም። «ልጄን ያኖረችልኝ አንቺ ነሽ? እኔን! ግቢ፣ ግቢ» አሉኝ። ከዚያ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና ይታይሽ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ እንድታቀርብ አዘዙ። እግሬን ሊያጥቡ ነው!

«አባባ፣ በእመቤቴ! እርስዎ አሞዎት እኔ—»

«እግሩ ሳይታጠብ እንግዳ ገባ አይባልም። ዝም በይ።»

ዳሌያቸው ሲታጠፍ ጥርሳቸውን ሲነክሱ አየሁ። እግሬን ብስብ አለቀቁኝም። በጣቶቼ መሐል ያለውን ጭቃ እንኳ አልተዉም። ይታይሽ ከኋላቸው ቆማ በምልክት «ዝም በያቸው» አለችኝ። ስኳሩን ሳቀርብላቸው ግን ፊታቸው ጭፍግግ አለ። «እኛ ቤት ምን ጎደለና ነው?» አሉ። ሸሚዙንም ሳይሞክሩት አጥፈው አስቀመጡት።

ሐሙስ

ጠዋት ከይታይሽ ጋር እርሻ ወረድን። ማጭዱን እንዴት እንደሚያዝ አሳየችኝ። ገና ጎንበስ ከማለቴ ግራ ጣቴን ቆረጥኩት። ይታይሽ ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ አሠረችልኝና «አንቺ ነዶ እሰሪ» አለችኝ። ያሠርኩት ነዶ ሁሉ ሲያነሱት ይፈታል። የስፌቴን ቋጠሮ ብሞክር እሱም አልሆነም። እሷ ዞራ መልሳ ታስራለች፤ ለመርዳት መጥቼ ሥራዋን እጥፍ አደረግኩት። ያጨደችው ከቀረው ጋር ሲተያይ እንደ እጅጌ ጥብጣብ ነበር። ሰማዩ ደግሞ በስተምዕራብ ከል ለብሷል።

በአጠገባችን የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ «እግዜር ያበርታችሁ» ይላል። ከዚያም ወዲያው አይሄድም። ድንበሩ ላይ ትንሽ ቆም ይላል፣ ጤፉን ያያል፣ ሰማዩን ያያል፣ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳት።

«ነገ አቦ ነው። በአቦ ለራስ ማጨድ ነውር ነው፤ ለደካማ ማጨድ ግን እንደ ጸሎት ነው። ሁሉም ዝግጁ ነው። ግን ባለመሬቱ በገዛ አፉ ‘ግቡልኝ’ ካላለ ማንም አይገባም። መዝረፍ ይመስላል።»

«አንቺ ‘ግቡልኝ’ በያቸዋ!»

«የአባባን ቃል ሽሬ?» አለችና ማጭዷን አነሳች። «ደግሞኮ የአቦን ሥራ የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ጉልበት እያላቸው ያልገቡበት የደካማ መሬት የለም። ማን የት እንደሚያጭድ፣ ነዶው እንዴት እንደሚታሰር፣ ሁሉ በሳቸው ነበር። አሁን ራሳቸው ዳር መቀመጥ ሞት ሆነባቸው።»

ያን ጊዜ ንዴቴ መጣ። ቤት ስንመለስ እንግድነቴን ረስቼ ሽማግሌውን ፊት ለፊት ተናገርኳቸው። «አባባ፣ የልጅዎን መዳፍ አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ» አሉ። «በየሌቱ ስትተኛ አየዋለሁ። ግን አየሽ፣ እኔ ለሰው የምገባ እንጂ ሰው የሚገባልኝ አይደለሁም። እንዲህ ሆኜ ነው የኖርሁ።»

የንፍሮዋን ሴት አሰብኩ።

ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታቸው መምሬ ጥላሁን መጡ። አያ ጫኔ እሑድ ሊቆርቡ ቀጠሮ ይዘዋል፤ ከወደቁ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። መምሬ ጥላሁን ጢማቸው የተንጨባረረ፣ እግራቸው ጭቃ ያልለቀቀው፣ ራሳቸው ሲያጭዱ የዋሉ ቄስ ናቸው። እኛ ወጥተን ከብት በረቱ አጠገብ ተቀመጥን። ንስሐ የሚሰማ ሰው የለም፤ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአያ ጫኔ ድምፅ ከቤት አልፎ መጣ፦

«ስግደት ይስጡኝ፣ አባቴ! ተደግፌም ቢሆን እሰግዳለሁ!»

የቄሱ መልስ አልተሰማም። ሲወጡ ግን ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበር። ይታይሽ እህል ይቅመሱ ብትላቸው «ሰዓቱ አልደረሰም፣ ልጄ። ነገ ኸእርሻሽ ላይ እቀምሳለሁ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ይታይሽ በቆመችበት ቀረች።

ስንገባ አያ ጫኔ ጋቢያቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጥለው ነበር። ንስሐቸውን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ቀኖናቸውን ግን ሊደብቁት አልቻሉም። «ሦስት ቀን እህል ውኃ አትቅመስ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ። «‘ግቡልኝ’ ትላለህ አሉኝ። በገዛ አፍህ። ዳር ተቀምጠህ ‘እግዜር ይስጥልኝ’ ትላለህ፤ ኸዚያ በቀር ቃል አይወጣህም። እንዲህ እጨዱ የለ፣ በቃችሁ ሂዱ የለ፣ ነገ እኔም እክሳችኋለሁ የለ። ይኸ ቀኖና ነው?» ጋቢውን ገለጡት። «ስግደት እኮ ጉልበት ነው። ይኸኛው በምን ይሠራል?»

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ግን ምርኩዛቸውን ጠየቁ። ይታይሽ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሆነን እስከ አጥሩ በር አደረስናቸው። ከወንዙ ወዲያ ጎረቤቶች ከብት እያስገቡ ነበር። አያ ጫኔ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ግቡልኝ!» አሉ።

ማንም አልሰማም። ይታይሽ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። እንደገና አየር ሳቡ፣ አሁን ደረታቸው ሁሉ ወጣ።

«እናንተ ሰዎች! ነገ ግቡልኝ!»

ወንዙ ማዶ ከብት የሚነዳው ሰው ቆመ። በትሩን አነሳ። ከዚያ ወደ ላይኛው ቤት ዞሮ እሱም ጮኸ፦ «አያ ጫኔ ግቡልኝ ብለዋል!» ከላይኛው ቤት ሌላ ድምፅ ተቀበለው። ከጉብታው ላይ ደግሞ ሌላ። እየራቀ እየራቀ ሄደ። አያ ጫኔ የሚሰሙትን ማመን ያቃታቸው ይመስል ጆሯቸውን ወደዚያ አዘንብለው ቆሙ። እኔ አስነጠስኩ፤ በርበሬው ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ዓርብ፣ አቦ

በማለዳ ከኪዳን መልስ መጡ። ወንዱ ማጭድ፣ ሴቱ አገልግል ይዞ። ባለመሬቱ ደካማ ሲሆን ሠራተኛው ምግቡንም ይዞ ነው የሚመጣው፤ ቤቱን አያራቁትም። እኛ አዳማ ላይ በዓሉን በሆዳችን ነው የምናከብረው፤ እኔ ራሴ የማኅበሬ ተራ ሲደርስ የወጥ ዓይነት በማብዛት ስም ያለኝ ሴት ነኝ። እዚህ በዓሉ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል።

አያ ጫኔን ከዋንዛው ዛፍ ሥር ቁርበት አንጥፈን አስቀመጥናቸው። የሰፋሁላቸውን ሸሚዝ ለብሰው ነበር፤ ለምን እንደለበሱት አልጠየቅኩም። እያንዳንዱ ሲመጣ በፊታቸው ጎንበስ ይላል፣ እሳቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ፣ እሱ «አብሮ ይስጠን» ብሎ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ቃሉ በጥርሳቸው መሐል ነበር የሚወጣው። መምሬ ጥላሁንም ካባቸውን አውልቀው ከሰልፉ ገቡ።

የሳቅኩት ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ጎልማሳ ነዶ ሲያስር አያ ጫኔ አይተውት ብድግ ሊሉ ቃጡ። አፋቸው ተከፈተ። ቄሱ ከወዲያ ቀና ብለው አዩዋቸው። አፋቸው ተዘጋ። ቆይቶ ሌላው ከድንበሩ ጥግ ዘለላ ትቶ አለፈ፤ ሽማግሌው የጋቢያቸውን ጫፍ ጥርሳቸው ውስጥ ከትተው ነከሱት። ሰው ሁሉ ያውቃል። ወጣቶቹ ሆን ብለው ነዶውን እያጣመሙ ወደሳቸው ያሳያሉ። «እንዴት ነው፣ አያ ጫኔ? ደህና ታሰረ?» ይሏቸዋል። «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ እሳቸው፣ ፊታቸው በርበሬ መስሎ። ሜዳው በሳቅ ይፈርሳል።

ሰዓቱ ደርሶ እህል ሲቀመስ አንዲት አሮጊት መነኩሲት በዘንግ እየተመሩ መጡ። እማሆይ አንጓች ይባላሉ። ባላቸው የሞተባቸው ገና በወጣትነታቸው ነው፤ መሬታቸውን በየአቦው ሲያሳጭዱ የኖሩት አያ ጫኔ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ማጭድ አይዙም። የመጡት ግን ባዶ እጃቸውን አይደለም፤ በነጠላቸው ጫፍ የሽምብራ ቆሎ ቋጥረዋል። ከአያ ጫኔ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ውኃ እያደልኩ ስለነበር ቅርብ ነበርኩ።

«ኧረ ምነው ላበዎ ላይ ላይ አለ፣ አያ ጫኔ? የሚያጭዱት እነሱ፣ የሚያልበዎት አንቱ?» አሉ እማሆይ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ አያ ጫኔ፣ ሌላ የሚሉት ስለሌላቸው።

እማሆይ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቀረና እንዲህ አሉ፦ «አንቱ ኸመሬቴ ሲገቡ፣ እኔ እንዲህ ኸዳር ተቀምጬ ያችን ቃል ስል ነው ያረጀሁ። በየዓመቱ። አንድም ቀን ግን እንዴት ነው ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።»

አያ ጫኔ ዞረው አዩዋቸው። መምሬ ጥላሁን እንጀራቸውን ይዘው በቅርብ ነበሩ።

«እንዴት ነበር፣ እማሆይ?» አሉ አያ ጫኔ። ቀኖናቸው ፈረሰ። ቄሱ የሰሙ አይመስሉም፤ እንጀራቸውን ቆረሱ።

«ይከብዳል። ሰው ሁሉ ሲሄድልኝ ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር። ‘ምነው ይኸን ሰው ባላየሁት’ እል ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ዘመን ካለፈ በኋላ ነው የገባኝ። እኔ ባልቀበል አንቱ ለማን ይሰጡ ኖሯል? ሁለታችንም ነን ስንሠራ የኖርን።» የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱና ቆሎ ዘግነው ዘረጉላቸው። «እንኩ።»

አያ ጫኔ ሁለት እጃቸውን ገጥመው ተቀበሉ። አንገታቸውን ደፍተው ቆረጠሙ። እንባቸው እጃቸው ላይ ሲወርድ አየሁ፤ አልጠረጉትም። «ይቅር ይበሉኝ» አሉ። «ከብዶዎት እንደሁ አላወቅሁም።»

«አሁን አወቁ» አሉ እማሆይ፤ ሌላ ጭብጥም ዘገኑላቸው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጤፉ ሁሉ ታጭዶ ተከመረ። ይታይሽ ከክምሩ ሥር ቁጭ ብላ መዳፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታየው ነበር። የሚሄዱትን ሲያሰናብቱ የአያ ጫኔ «እግዜር ይስጥልኝ» ከጥርሳቸው መሐል አልነበረም የሚወጣው።

ቅዳሜ

ዘነበ። ጠዋትም፣ ከሰዓትም። ክምሩን በሣርና በሸራ ሸፍነን ምድጃ ዳር ተቀመጥን። የዳጉሳ እንጀራ በተልባ በላን፤ መጀመሪያ አልወደድኩትም፣ ማታ ጨምሪልኝ አልኩ። ጣሪያው ሲንኳኳ አያ ጫኔ በየመሐሉ ዝም ብለው ያዳምጡና ወደ ልጃቸው ዞረው ያያሉ። እሷም ያን ቀን ሙሉ ተኛች።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ ጉብታ ላይ ነው። ውኃው ከዝናቡ ወዲህ ሞልቷል፤ በምርኩዝ የሚሻገር አይደለም። ይታይሽ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው እንደሚመጡ ስትነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ እዚያ አገር በቃሬዛ የሚወጣው ሬሳ ነውና። አያ ጫኔ ግን ነጭ ለብሰው ከሁላችን ቀድመው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ሰዎቹ ሲያነሷቸው «ቀስ በሉ፣ እኔ ከባድ ነኝ» ብቻ አሉ። ተሸካሚዎቹ ወንዙን እስከ ጉልበታቸው ሲሻገሩ እሳቸው ሰማዩን እያዩ ተኝተው ነበር፤ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው፣ እንደታቀፉት ሕፃን። ሲቆርቡ እኔ በሴቶች በኩል ቆሜ አለቀስኩ። በዚህ ሳምንት ያለቀስኩት በዓመት ከማለቅሰው ይበልጣል፤ ግን ደረቴን ቀለለኝ።

ሰኞ

ይታይሽን ይዣት ልመለስ በልቤ አስቤ ነበር። አልነገርኳትም። እሷ ግን ገብቷት ነበርና ጠዋት «እሳቸው እያሉ አልመጣም፣ አስኩ» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። እውነትም አውቅ ነበር።

ለመንገዴ ቆሎ፣ ቂጣና የበርበሬ ከረጢት ተሰጠኝ። «በዛ» ልል አፌን ስከፍት አያ ጫኔ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። ዘጋሁትና «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። «አብሮ ይስጠን» አሉ። መርቀውኝ፣ ግንባሬን ስመውኝ፣ አጥሩ በር ላይ ስደርስ ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ!»

ተመለስኩ። ወደ መሬት እያዩ በምርኩዛቸው አፈሩን ጫሩ።

«ጠዋት ጠዋት ራሴን ይበርደኛል። የሱፍ ኮፍያ ላኪልኝ።»

ይታይሽ አፏን በእጇ ያዘች። በቀኖና ከታዘዙት «ግቡልኝ» በቀር፣ ከተወለደች ጀምሮ አባቷ ከሰው ነገር ሲጠይቁ ሰምታ አታውቅም። እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘችኝ፤ ስንለያይ አንገቴን አቅፋ «ላኪላቸው እሺ፣ እንዳትረሺ» አለችኝ። እኔ ልረሳ!

አዳማ ላይ የሱፍ ኮፍያ መፈለግ በረሃ ላይ ጃንጥላ እንደመፈለግ ነው። ገበያውን ስዞር ነጋዴዎቹ «እናቴ፣ አሞዎታል?» ይሉኛል። በመጨረሻ አንዲት የልብስ ነጋዴ ከጓዳዋ ቀይ አወጣችልኝ፤ ወፍራም፣ ጆሮ የሚሸፍን፣ አናቱ ላይ ድብልብል ክር ያለው። ሌላ ስላጣሁ እሱኑ ላክሁት።

ከሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ። የይታይሽ ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የአያ ጫኔ ነበር፣ ወንዝ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣሩ እየጮኹ።

«ደርሷል! እግዜር ይስጥልኝ!»

«አብሮ ይስጠን፣ አባባ! ልክዎ ሆነ?»

«ልክ ነው፣ ይሞቃል። ቀለሙ ግን የሙሽራ ነው፤ መምሬ ጥላሁን ሳቁብኝ። ሁለተኛ ስትልኪ ጥቁር ይሁን።»

ጥቁሩን ትናንት ላክሁ።